ባለ አራት ቅጠሉን ስፈልግ

ያን ቅዳሜ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። የወንድሜ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ይወጣል ተብሎ ነበር። ልጅቷን ከወላይታ አምጥቼ ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ እኔ ቤት ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ለአባቷ "ዩኒቨርሲቲ አስገባታለሁ" ብዬ የተናገርኩትም እኔው ነኝ። ነገር ስናገር "ጌታ ቢፈቅድ" ማለት ልማዴ ነው፤ ለአባቷ ቃል የገባሁ ዕለት ብዬ እንደሆነ ግን ባስበው ባስበው ትዝ አልለኝ አለ።

ወንድሜ ከማለዳ ጀምሮ ይደውላል።

"ወጣ ወይ?"

"አልወጣም።"

"ልጅቷስ?"

"ተኝታለች።"

"እንዴት እንቅልፍ ይወስዳታል?"

"እንግዲህ አንተም ተኛ" አልኩት።

ቤት ውስጥ መንቆራጠጡ ሲሰለቸኝ ለዳጣ የሚሆን ነገር ልግዛ ብዬ ወደ ገርጂ ወጣሁ። በማግስቱ የአገሬ ሴቶች ለጸሎት እኔ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ዳጣ ያልቀረበበትን ምሳ ደግሞ እንደ ግብዣ አይቆጥሩትም። በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ እርጥብ ድንብላል፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ገዛሁ። ቃሪያ ሻጯ "እሳት ነው፣ እመቤቴን!" ስትለኝ "አትማዪ፣ ዝም ብለሽ መዝኚ" አልኳት። ከኢምፔሪያል የተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ሁሉም ውጤት የሚጠብቅ መሰለኝ። የፌስታሌ ሽታ ታክሲውን ሲሞላው ረዳቱ "እናቴ፣ ክትፎውስ የታለ?" አለኝ።

ቤት ስደርስ ልጅቷ ተነስታ ሳሎኑን ጠርጋለች።

"ወጣ?"

"ሳይቱ አይከፍትም አክስቴ። ሰው በዝቶበት ነው።" ፌስታሉን ተቀበለችኝ። "ቃሪያውን እኔ ልውቀጠው።"

ይህች ልጅ ቃሪያ መውቀጥ አትወድም። ሁልጊዜ "በብሌንደር ፍጪውና እንገላገል፣ ፕሊስ" ነው የምትለኝ፤ እኔ ደግሞ ብሌንደር ዳጣውን ውኃ ያደርገዋል እላታለሁ። ያን ቀን ግን ሙቀጫውን ራሷ አወጣች፤ የታችኛው ፎቅ ሰዎች እንዳይቆጡን ከሥሩ ብርድ ልብስ አጣጥፋ አነጠፈችና መውቀጥ ጀመረች። ልጅቷ በሰለች ብዬ ደስ አለኝ።

እኔ በሶብላውን ከግንዱ እለቅማለሁ፤ ጥቂት ለቅሜ እነሳለሁ። በረንዳ እወጣለሁ፤ ከቦሌ የተነሳ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ አይቼ እመለሳለሁ።

"አክስቴ፣ ቁጭ በይ። ራሴን አዞርሽው።"

"ቁጭ ብያለሁ።"

"ቆመሽ እኮ ነው የምታወሪኝ። ቆይ፣ አንድ ነገር ልላክልሽ።"

በቴሌግራም አንድ ሥዕል መጣልኝ። ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው፤ አገር ቤት ማገጥ የምንለው፣ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ሣር ጥቅጥቅ ብሎ ሞልቶበታል። በእንግሊዝኛ የተጻፈበትን እሷ ነገረችኝ፤ ከመሀላቸው አንዱ ባለ አራት ቅጠል ነው፤ በአሥር ሰከንድ ያገኘው ሰው ዓመቱን ሙሉ ዕድለኛ ይሆናል።

"ዕድል የሚባል ነገር በዚህ ቤት የለም" አልኳት።

"እሺ፣ ዕድሉን ተዪውና ቅጠሉን ፈልጊ። እኔ አግኝቼዋለሁ።"

ይቺ "አግኝቼዋለሁ" አናደደችኝ። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት፤ ብዙም ሳልቆይ መልሼ አነሳሁት። ሥዕሉን በጣቴ እያሰፋሁ ከላይ ወደ ታች ወረድኩበት። ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። በልቤ "ጌታ ሆይ፣ ዕድሉን አልፈልገውም፣ ቅጠሉን ብቻ አሳየኝ" ስል ራሴን ያዝኩት።

"አገኘሁት!"

መጥታ አየችና በጥፍሯ ፋቅ አደረገችው። ከእጄ መስታወቱ ላይ የተጣበቀ የድንብላል ቅጠል ኖሯል። ሳቀች። እየሳቀች ዓይኖቿን በክንዷ ጠረገች።

"አቃጠለሽ?"

"ኃይለኛ ነው ቃሪያው።"

ተመልሳ ወቀጠች፤ እኔም ወደ ሥዕሌ ተመለስኩ። በኋላ ድምፁ ሲቆም ጨው ልይለት ብዬ ሄጄ ከሙቀጫው በጣቴ ቀመስኩ። የጤና አዳሙም የዝንጅብሉም ጣዕም አለ፤ ቃሪያው ግን ምላስ እንኳ አይነካም። ደግሜ ቀመስኩ። የሻጯ እሳት ሕፃን የሚያስለቅስ አልነበረም።

ያኔ ቀና ብዬ ፊቷን አየሁት። የዓይኖቿ ቆብ አብጧል።

"መቼ ነው ያየሽው?"

"ገርጂ እንደሄድሽ።"

"አላለፍሽም?"

ራሷን ነቀነቀች።

"ለሬሜዲያሉስ?"

"እሱም አልደረሰልኝ።"

ሰው የማይጠይቀውን ጠየቅኳት፤ "ቅጠሉስ የት ጋ ነው?"

"እኔም አላገኘሁትም አክስቴ። ፊቴን እንዳታዪው ብዬ ነው።"

ዘይት አምጥቼ ቃሪያ የነካ እጇን አሸሁላት። የማያቃጥል ቃሪያ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ቢሆንም እጇን ሰጠችኝ። ነገ የሚመጡት ሴቶች ገና ከበር "ልጅቷስ?" ብለው እንደሚጠይቁ እያሰብኩ ጣቶቿን አንድ በአንድ አሸሁ።

ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። አረንጓዴው ሥዕል ጠፍቶ የወንድሜ ስም መጣ። ልጅቷ በዘይት የራሰ እጇን ዘረጋች።

"ስጪኝ፣ እኔ ልንገረው።"

ቃሉን የሰጠሁት እኔ ስለነበርኩ አልሰጠኋትም።

"ወጣ ወይ?" አለኝ ወንድሜ።

"ወጥቷል። መጀመሪያ ቁጭ በል" አልኩት፤ እኔ ራሴ ቆሜ።