የዎልዴ እጅ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ቢሆን። አስቀድሜ ግን ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ማንበብን ራሴን ያስተማርኩ፣ ኮልፌ ግቢዬ ውስጥ የዓሣ ገንዳ የቆፈርኩ፣ የተማሩት እንኳ «ጋሼ፣ እንዴት አወቁት?» የሚሉኝ ሰው ነኝ። የዓሦቼን ምግብ፣ የውሃ ቁንጫን፣ የማረባውም እኔው ነኝ። ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ፣ ውሃ ውስጥ ስትዘል የምትውል ነፍስ ናት።

ጎረቤቴ ዎልዴ ከእኔ አይቶ ዓሣ ጀመረ። የቁንጫውን ዘር በብርጭቆ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዎልዴ በጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ ነበር፤ በታመመ ሰው ላይ እጁን ጭኖ ይጸልያል። ብዙም ሳይቆይ ቁንጫ የሚያረባበት በርሜል ከእኔው በልጦ ሞላ። ቁንጫ ሊያይ የሚመጣው ሁሉ የእኔን በር እያለፈ እሱ ጋ ገባ። ይህ አቃጠለኝ።

ክረምት ሲገባ ዎልዴ የበርሜሉን ውሃ ከቆርቆሮው በሚወርደው ዝናብ ለወጠው። ቁንጫዎቹ ማለቅ ጀመሩ። እኔ ምክንያቱን አውቅ ነበር። የዝናብ ውሃ ባዶ ነው፤ ሳሙና ቶሎ አረፋ የሚያወጣውም ለዚህ ነው። ቁንጫ ስታድግ ቅርፊቷን ትጥላለች፤ አዲሱን የምታጠነክርበት ኖራ ከውሃው ካላገኘች ትሞታለች። እኔም የማረባው በዝናብ ውሃ ነው፤ ግን በርሜሌ ሥር የተወቀጠ የእንቁላል ቅርፊት በጨርቅ ቋጥሬ አኑሬያለሁ። ይህን ብነግረው ምን ይጎድልብኝ ነበር?

«ጋሼ፣ የኔዎቹ ምን ሆነው ነው? እርስዎ ምን ያደርጉባቸዋል?» አለኝ።

«ምንም። እጅህ በረከት የለውም» አልኩት።

ሳቀ። «ኧረ ጋሼ! በዚህ እጅ ስንቱ ድኗል!»

«እሱን ለቁንጫዎቹ ንገራቸው።»

ከዚያ በኋላ አልሳቀም። ሦስት ጊዜ ዘር ሰጠሁት። ሦስቴም አለቁበት፣ ሦስቴም ዝም አልኩ። ትንንሾቹ ዓሦቹ በረሃብ አለቁ። ኋላ ሚስቱ ታማ ልጠይቃት ገባሁ። «እጅህን ጫንብኝ» ብላ ስትለምነው እጁን ኪሱ ከተተ። «ሌላ ሰው ይጠራልሽ» አላት። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ያኔም አልተናገርኩም።

እሷን ሐኪም አዳናት። እሱ ግን ዳግመኛ እጁን በማንም ላይ አልጫነም። ቤቱን ትተው ቤቴል ሰፈር ልጃቸው ጋ ገቡ። እውነቱን ልነግረው ሁለቴ በታክሲ ሄጄ ሁለቴም ከፌርማታው ተመለስኩ። ዛሬ በርሜሌ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ብቅ ብሎ የሚያይልኝ የለም። ቀልድ ነበር አልልም፤ ቀልድ አልነበረም።

በዕድሜዬ የቻልኩት ይህ ነው፦ ያለ አስተማሪ አነበብኩ። ውሃን በሳሙና መረመርኩ። ቁንጫን በዝናብ ውሃ አኖርኩ። የዎልዴን እጅ ሳልነካው አሰርኩ።