እናቴ ከአጥሩ ውጭ

ዝናብ ጥቁሩን አፈር ሲመታው የሚነሣው ሽታ በመጣ ቁጥር የማስበው አንድ ሰው ነው፤ እናቴን ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ያስቀበረቻት የአባቴ እህት ባዩሽ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ወሩም ነሐሴ። እስከዚያ ቀን ድረስ እትዬ እያልኩ አንቱ እላት ነበር።

እናቴ ከድንበሩ ማዶ ገዳሪፍ ያደገች ካቶሊክ ነበረች። አባቴን አግብታ ሸሕዲ አጠገብ ወዳለው እርሻችን ስትመጣ አንድ ሥዕል ይዛ መጣች፤ ዓይኖቿን በሳህን የያዘች ልጃገረድ፣ ሰማዕቷ ቅድስት ሉቺያ። በጥቅምት ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው በሂላ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ፣ ቆሞ እስኪደርቅ ስንጠብቅ፣ ከነዶው ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ታሪኳን ትነግረኝ ነበር፤ ለጣዖት ስገጂ ብለው በሬ ጠምደው ቢጎትቷት ከቆመችበት ንቅንቅ እንዳላለች፣ በመጨረሻም በሰይፍ እንደገደሏት።

«ትራክተር ቢሆንስ?» እላት ነበር።

«ትራክተሩ ይሰምጣል እንጂ እሷ አትነቃነቅም፣ ያ ቢንቲ። አልክድም ብላለቻ!» ትለኝ ነበር፤ «ያ ቢንቲ» ባደገችበት ዐረብኛ ሴት ልጄ ማለት ነው።

በታኅሣሥ በዓሏ ሲደርስ ሥዕሏን ከማሽላው ጎተራ ጀርባ አውጥታ ትሳለማት ነበር። አንድ ጊዜ ባዩሽ ደረሰችባትና «ይቺ ደግሞ ዓይኗን እንደ ሎሚ በሳህን ይዛ ለማን ልታቀርብ ነው?» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እናቴም አብራት ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

በጋው አልፎ ክረምቱ ሲገባ እናቴን ካላዛር ያዛት። ሆዷ አብጦ፣ እጅና እግሯ ቀጥኖ፣ መንገዱም ጭቃ ሆኖ መኪና ስለጠፋ ሐኪም ሳያያት አረፈች። አባቴ ከወንዝ ማዶ እርሻ ላይ ነበር፤ ወንዙ ሞልቶ ሊሻገር አልቻለም።

አስከሬኗን ይዘን ቤተ ክርስቲያኑ በር ስንደርስ ቄሱ እንደ ደንቡ «የንስሐ አባቷ ማናቸው?» ብለው ጠየቁ። ቄሱ ደግ ሰው ነበሩና «ደጋ ያሉትም ይሁኑ፣ ብቻ አንድ ስም ጥሩልኝና እንግባ፣ ዝናቡ መጣ» አሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱ አንድ ስም ቢጠራ ይበቃ ነበር።

«የላትም፣ አባ» አለች ባዩሽ። «ሃይማኖቷ ሌላ ነው። ካላመኑኝ ልጇን ይጠይቁ።»

ቄሱ ጎንበስ ብለው «እውነት ነው፣ የኔ ልጅ?» አሉኝ። መካድ ነውር እንደሆነ ከእናቴ ተምሬ ነበርና ቀና ብዬ «አዎ፣ የቅድስት ሉቺያ ናት» አልኩ። እናቴ የምትኮራብኝ መስሎኝ ነበር። ቄሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሰዎቹ ቃሬዛውን አዞሩት። «ዋሽቼ ነው! ዋሽቼ ነው!» እያልኩ የአንዱን ሰውዬ ጋቢ ይዤ ብጎትት የሰማኝ የለም። ጉድጓዱ ከአጥሩ ውጭ ተቆፈረ፤ ሲቆፍሩት ውሃ ይሞላባቸው ነበር።

የተናገረችው ልጅቱ ናት የሚሉ አሉ። ልጅ የተጠየቀውን ይመልሳል፤ እንድጠየቅ ያደረገችው እሷ ናት።

ዛሬ በእኛ አካባቢ በተኩሱ መሃል ሰው በጥድፊያ፣ አንዳንዴም ከወደቀበት ይቀበራል፤ የንስሐ አባቱን የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። ባዩሽ አርጅታ አልጋ ስትይዝ «ትምጣና ይቅር ትበለኝ» ብላ ሴት ልጇን ላከችብኝ። ልጅቱን ሻይ አጠጥቼ መለስኳት። ሳምንት ሳይሞላ የእድር ጥሩንባ ተነፋ። ለቀብሯ አልወጣሁም።