«እመቤቴ መጣ»

በጃንሆይ ጊዜ ዲላ ላይ ቴሌቪዥን አልነበረም፤ ሳምንታዊውን አስቂኝ ድራማ የምንሰማው ከጎረቤታችን ከመምህሩ ሬዲዮ ነበር። ባልየው ቅናት አበዛ፣ ያለፈው ሳምንት ይሻል ነበር እያልን እንተቻለን። በድራማው ውስጥ ያለውን የቤት ሠራተኛ ግን የሚነቅፍ አልነበረም። ከገጠር የመጣ ነውና «እመቤቴ መጣ» ሲል ድራማው በሚቀረጽበት አዳራሽ ያለው ሕዝብ በሬዲዮው ይስቃል፣ እኛም አብረን እንንከተከታለን።

ቤቷ ውስጥ ከጌዴኦኛ ሌላ የማትናገረው እናቴ አንድ ቀን አብራን ተቀምጣ ነበር።

«ምንድነው የሚያስቀው?» ብላ ጠየቀች።

መምህሩ በትዕግሥት አስረዷት። «‹መጡ› ማለት ሲገባው ‹መጣ› ስላለ ነው።»

እናቴ ትንሽ አሰበች።

«እና መምህር፣ እመቤትየው አልመጣም?»

ከዚያ በኋላ የሳቀው ሬዲዮው ብቻ ነው።