የዕረፍት መዝገቡ

ሸሚዝ ተኳሿ ሰው አታምንም። ታክሲ ስትሳፈር ረዳቱ የሚሄድበትን ቢነግራት እንኳ ሾፌሩን ደግማ ትጠይቃለች። አሥራ ሁለት ዓመት በሠራችበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ "መርማሪ" የሚል ስም አውጥተውላታል። ያም ሆኖ አንድ ወረቀት ሳትመረምር ስትፈርም ኖራለች።

ሕጉ ለሠራተኛ የግማሽ ሰዓት የምሳ ዕረፍት ይሰጣል። ፋብሪካውም "ስድስት ሰዓት ወጣሁ፣ ስድስት ተኩል ተመለስኩ" ተብሎ የሚፈረምበት መዝገብ አለው። ታዲያ ቀትር ላይ ለፊርማ መሰለፍ ዕረፍቱን ስለሚበላ፣ ሁሉም ጠዋት ሲገባ ፈርሞ ይገላገላል። ሥራ በበዛ ቀን ምሳው ይቀራል፤ ፊርማው ግን አይቀርም።

ባለፈው ሳምንት ሥራ በዝቶ ምሳው ቀረ። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ የእንፋሎት መተኮሻው እዚያው ፋብሪካ የምትሠራውን ታናሽ እህቷን ቀኝ እጇን አቃጠላት። አለቃው ሆስፒታል ድረስ ብርቱካን ይዞ መጣ። ተኳሿ ብርቱካኑን አንድ በአንድ አገላብጣ አየችው። ይሄ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?

የፈለገው ነገር የታወቀው ዛሬ ጠዋት ጉዳቱን ሊያጣራ የመንግሥት የሥራ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ነው።

"በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት አይደለም" አለ አለቃው፣ መዝገቡን ገልጦ። "ዕረፍት ላይ ነበረች። ማሽኑን የነካችው በገዛ ጊዜዋ ነው። ይኸው ፊርማዋ።"

ተቆጣጣሪው በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ተኳሿ እሱንም ጠረጠረችው፤ ከአለቃው ቢሮ ሲወጣ ከንፈሩን እየጠረገ ነበር።

"ጋሼ፣ የዛሬውን ገጽ ይዩልኝ።"

"የምናየው ያለፈውን ሳምንት ነው፣ እህቴ።"

"ግድ የለም፣ ይዩልኝ።"

አለቃው መዝገቡን ሊዘጋ እጁን ሲሰድ ቀደመችው። የዛሬውን ገጽ ገልጣ መዳፏን አሳረፈችበት።

"ሦስተኛው መስመር የኔ ነው። ስድስት ተኩል ላይ ከምሳ ተመልሻለሁ ይላል። አሁን ስንት ሰዓት ነው?"

ተቆጣጣሪው የእጅ ሰዓቱን አየ። ጠዋት ሦስት ከሃያ ነበር።

"መርማሪ፣ ምሳሽን ምን በላሽ?" አለች ከኋላ ከተሰበሰቡት ሠራተኞች መካከል የሸሚዝ ቁልፍ ተካይዋ። ሳቅ ተነሣ።

"እንግዲያው ዋሽተሽ ነው የፈረምሽው?" አላት ተቆጣጣሪው።

"አዎ። ሁላችንም። እህቴም።"

ሳቁ ቆመ። "እጇን ከማሽኑ ያላቀቅንላት እኛ ነን" አለች ቁልፍ ተካይዋ ዝግ ብላ። "ማንም ዕረፍት አልወጣም ነበር።"

ተቆጣጣሪው ብዕሩንና የምርመራ ቅጹን አወጣ። ተኳሿ ግን መዳፏን አላነሣችም።

"መጀመሪያ ይጻፉት። ሥራ ላይ እንደነበረች፣ አሁን የምንፈርምበትንም ሰዓት ጭምር።"

ጻፈ። ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ የጻፈውን ሰዓት ግድግዳው ላይ ካለው ጋር አመሳከረችው። ከዚያ ፈረመች።