ለእኔ የሚጠበሰው የዓሣ እንቁላል

ፍልሰታ ሲፈታ እኛ ቤት ለእኔ የዓሣ እንቁላል ይጠበስ ነበር። ባለቤቴ ርብ ወንዝ ላይ መረብ ይጥላል፤ እኔ ወረታ ገበያ ዳር ዓሣውን እየሰነጠቅሁ እሸጣለሁ፤ አማቴ እንቁላሉን ይለቅሙልኛል። ክረምት ላይ ዓሣው ሊራባ ከጣና ወደ ወንዙ ሲወጣ ሆዱ ሙሉ ነው። ያን የበላች ሴት ሳትወልድ አትቀርም ብለው አማቴ አምነዋል። ከተጋባን ጀምሮ በየክረምቱ ሳህኑን አቅርበው «ብዪ ልጄ» ይሉኛል። ቶሎ እጅ እጅ ይለኛል፤ ቢሆንም እበላው ነበር። ሳላምን አልቀረሁም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን የምሰነጥቀው ሆድ እየሳሳ መጣ። በመራቢያው ወር እንቁላል የሌለው፣ ወይም ያለውም የደቀቀ። ገበያተኛው ሁሉ ብርብራ ነው አለ። የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውኃው ላይ እየበተኑ ዓሣውን አስክረው የሚለቅሙ አሉ፤ ባለቤቴ ከእነሱ ጋር እንደተጣላ ነው የኖረው። እኔም ስረግማቸው ከረምሁ። የሚረገም ሰው ሲኖር ነገሩ ይቀልላል።

ባለፈው ክረምት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዓሣ ልትመረምር መጥታ አጠገቤ ስትሠራ ሰነበተች። ብርብራው ብቻ ላይሆን ይችላል አለችኝ። ከከተማው ጋራዦች ኋላ ያለውን ቦይ አይታዋለች። ያረጀ የስፖንጅ ፍራሽ፣ የከባድ መኪና ወንበር፣ የተቃጠለ ሽቦ ይጣልበታል፤ ጎርፉ በሩዝ ማሳው አድርጎ ሁሉንም ርብ ያስገባዋል። ስፖንጁና ፕላስቲኩ እሳት ቶሎ እንዳይዘው ሲሠራ የሚጨመርበት ኬሚካል አለ አለች። ከዓሣው ስብ ይከማቻል፤ ሆርሞኑን ያዛባል፤ መራባቱን ያውካል፤ እንቁላሉም ውስጥ ይገባል። እኛ ወንዝ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ገና አልታወቀም። ሰውንስ? አልኋት። እርግጡን እንደማታውቅ ነግራኝ፣ ልጅ የምትፈልግ ሴት እንቁላሉን ባትበላው ይሻላል አለች። እሺ ብዬ ቢላዋዬን አጠብሁ። መደንገጥ ነበረብኝ፤ አልደነገጥሁም።

ባለቤቴ ለእናቱ እንዳልነግር ለመነኝ። ፍልሰታ ሲፈታ ግን ሳህኑ መጣ። በዚያ ክረምት እንቁላል ያለው ዓሣ ከስንት አንዴ ነበር የሚገኘው፤ አማቴ ከሌሎቹ ሻጮች ሁሉ እየለመኑ ነው ያጠራቀሙት። በቀይ ሽንኩርት ጠብሰውታል። እጄን አልሰደድሁም። ተማሪዋ ያለችውን በዝግታ ነገርኋቸው።



«እኔ ነኛ ልጅ የከለከልሁሽ?» አሉ አማቴ።

«አይደለም እናቴ። ይህ ነው ብሎ የሚያውቅ ሰው የለም።»

ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «እኔንስ ምን ያደርገኛል፤ ወልጄ ጨርሻለሁ» ብለው መብላት ጀመሩ። ልከለክላቸው ይገባ ነበር። ተቀምጬ አየኋቸው፤ ውስጤ ባዶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ልጅ አንስተውብኝ አያውቁም። በመጀመሪያ ያረፍሁ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤታችን በር ላይ ቆማ፣ «ምራትዎ ዘንድሮስ?» ስትል ሰማሁ። አማቴ «ተያት፣ እሷ እንግዲህ እንዲሁ ናት» አሏት። በቁጣ አልነበረም፤ አዝነውልኝ ነው። እኔንም ነገሩ ያመመኝ ያን ጊዜ ነው።