ሰማይ ላይ ያለ ተሳቢ

ባሌ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ነድቷል። ሰፈሩ «ሹፌሩ» ይለዋል፤ እኔም ሲብስብኝ በዚሁ ስም ነው የምጠራው። ጉልበቱ ታሞ ከመሪ ሲወርድ ግን መስኮት ሥር ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ የሚያልፈውን መኪና እያዳመጠ «ይሄ ማርሽ አዘገየ» ይላል። ምግቡ አነሰ፣ ጨዋታው ጠፋ። እውነቱን ልናገር፤ ያ ወንበር አስፈራኝ።

አንድ ቀን በዚያው መስኮት፣ ጎረቤታችን ጥርስ ሐኪሙ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ላይ በሪሞት ትንሽ አውሮፕላን ሲያበር አየ። እልህ ያዘው። በሳምንቱ የምግብ ጠረጴዛዬ ፎምና ሙጫ ብቻ ሆነ። የክንፉ ልባስ የሚወጠረው በሙቀት ነው ብሎ ካውያዬን ወሰደ።

«ቀሚሴ ላይ ሙጫ ካገኘሁ አንተን ነው የምተኩሰው!» አልኩት።

ሳቀ። ከስንት ወር በኋላ የሰማሁት ሳቅ ስለሆነ ካውያውን መረቅሁለት።

የመጀመሪያው አውሮፕላን ተነሣ፣ ራቀ፣ ዞሮ ወደ እኛ ሲመጣ ግን በአፍንጫው መሬት ተሰካ። ሁለተኛውም እንደዚያው።

«ጋሼ፣ ወደ እርስዎ ሲመጣ ግራና ቀኙ ይገለበጣል» አለው ጥርስ ሐኪሙ። «ወደ ግራዎ እንዲሄድ ከፈለጉ የሪሞቱን ዘንግ ወደ ቀኝ ነው የሚገፉት። አይዞዎት፤ ካልደፈረሰ አይጠራም።»

ባሌ ገብቶኛል አለ። ጣቶቹ ግን አልገባቸውም። ሦስተኛውን ሠርቶ ሲጨርስ፣

«ይሄ ከወደቀ በቃኝ። ወደ ወንበሬ እመለሳለሁ» አለ።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ጥርስ ሐኪሙ ቀድሞን ቆሞ ነበር። አውሮፕላኑ ተነሣ፣ ከፍ አለ፣ ዞረ። አፍንጫውን ወደ እኛ እንዳደረገ በግራችን ወዳሉት ዛፎች ማዘንበል ጀመረ። የባሌ ጣት ደነዘዘ።

ድሮ ያንን ረጅም መኪና በኋላ ማርሽ ወደ ግቢ ሲያስገባ፣ ከኋላ ቆሜ የምመራው እኔ ነበርኩ። ተሳቢውን ወደ ቀኝ ለመስደድ መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ። እንዴት እስከዚያ ቀን እንዳልመጣልኝ እንጃ።

«ሹፌር!» ብዬ ጮህኩ። «ተሳቢ ነው! በኋላ ማርሽ እየነዳህ ነው!»

ዓይኑን ከሰማይ አላነሣም፤ ትከሻው ግን ረገብ አለ። ያን ትከሻ አውቀዋለሁ። ወደ ግራ ገፋ፤ አውሮፕላኑ ከዛፎቹ ተላቆ ወደ ቀኝ መጣ።

«ቁረጥ!» ቆረጠ። «መልስ!» መለሰ። «ና! ና! ና!»

ሳሩን ነካ፣ ሁለቴ ነጠረ፣ እየተንደረደረ መጥቶ ከፊታችን ቆመ።

«በቃ!»

የጥርስ ሐኪም ሥራው አፍ ማስከፈት ነው፤ ያን ቀን አፉን ከፍቶ የቀረው እሱ ነበር። ባሌ ምርኩዙን ጥሎ እያነከሰ ሄደና አውሮፕላኑን አቅፎ መጣ። እኔ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

«ሁለቱ ሲወድቁ አፍሽን ማን ዘግቶት ነበር?» አለኝ። እሱም ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

አሁን አራተኛውን እየሠራ ነው። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ሙጫው እስኪደርቅ ክንፉ ተቀምጧል፤ ለሰው የሚሆን ቦታ የለውም።