ማታር ላይ ሬዲዮ የያዝኩ ዕለት

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ብዙም አልቆየችም፤ በየሳምንቱ አዲስ ነገር ይመጣ ነበር። አዲስ ማኅተም፣ አዲስ ቢሮ፣ ወንበር ገና ያልመጣለት አዲስ ኃላፊ። ለእኛ ለነጋዴዎቹ የደረሰን ሬዲዮ ነው። ድሮ ከሱዳን ድንበር በባሮ ወንዝ የሚመጣ ዕቃ ጋምቤላ ሲደርስ እየተፈታ ይፈተሽ ነበር። አሁን ነጋዴው ጀልባው ድንበሩ አጠገብ ካለችው ከማታር ሳይነሣ የጫነውን ሁሉ በሬዲዮ ይናገራል፤ ጋምቤላ ያለው የኬላ ሹም ሰምቶ ይመዘግባል። በትክክል ያስመዘገበ ሳይፈታ ያልፋል። የደበቀ ጭነቱ ወንዙ ዳር ይዘረገፋል።

ጊዜው ክረምት ነበር። አክስቴ ያላትን ሁሉ ያዋለችው በደረቅ ዓሣ ላይ ነው። ደረቅ ዓሣ ደግሞ በዝናብ ከተዘረገፈ የሚበላው ውሻ ብቻ ነው፤ ውሻም አስቦበት።

"አንቺ ትናገሪያለሽ" አለችኝ።

"እኔ?"

"ስድስተኛ ክፍል ድረስ የተማርሽው ለመቼ ነው? እኔ ፊቱን ከማላየው ሰው ጋር አላወራም።"

እኔ ሱቅ ስላክ እንኳ ሌላ ገዢ ካለ እስኪሄድ ዛፍ ሥር የምቆም ልጅ ነበርኩ።

የሬዲዮ ክፍሏ ቆርቆሮ ናት። ሠራተኛው፣ ረጅም የማታር ልጅ፣ መናገሪያውን እጄ ላይ አደረገና "ይህን ትጫኛለሽ፣ ትናገሪያለሽ፣ ትለቂያለሽ። ካልለቀቅሽ እነሱ መናገር አይችሉም" አለኝ። ወዲያው ነፋስ መጣና የአንቴናው እንጨት ዘመመ። እሱን ሊደግፍ ሮጦ ወጣ።

"ያዝኩት። ተናገሪ" አለ ከውጭ።

ተጫንኩ። በመስኮቱ ተራ ጠባቂው ሁሉ ያየኛል። ዓይኔን መናገሪያው ላይ ተከልኩ።

"በይ እንጂ" አለች አክስቴ። "ደረቅ ዓሣ በይ። ሰሌን በይ። ሰሌኑ ውስጥ የጠቀለልኩትን ጨርቅ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ።"

ከኋላችን የቆመች ሴት ጣልቃ ገባች። "እኔስ ከበቆሎው ሥር ሳሙና አለኝ። ምን ልበል?"

"ዝም በይ" አለቻት አክስቴ። "የኬላው ሹም እንደሆነ ቢሮ ሲገባ ሆዱ ይቀድመዋል። ጎንበስ ብሎ ጀልባ ውስጥ አያይ።"

ሰልፉ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ "ቀበቶ ስላጣ ሱሪውን የሚታጠቀው በጀልባ ገመድ ነው አሉ" ብለው ጨመሩበት።

"ልጅት፣ እጄ ዛለ። ጨረስሽ?" አለ ልጁ ከውጭ።

ራሴን ነቀነቅኩ። በቆርቆሮ ግድግዳ አሻግሮ እንደማያየኝ አላሰብኩም። እንጨቱን በገመድ አስሮ ገባና ጣቴን አየ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የተጫንሽው?"

ያን ጊዜ ለቀቅኩት። ሬዲዮው አንዴ ተንሿሿና ወፍራም የወንድ ድምፅ መጣ።

"ሰምተናል። ደረቅ ዓሣ፣ ሰሌን፣ ሰሌኑ ውስጥ ጨርቅ። ከኋላ ያሉት እናት በቆሎ፣ ከሥሩ ሳሙና። ስለ ሆዴ የተባለውም ደርሶኛል። ጨርሻለሁ፣ ኦቨር።"

አክስቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። የሳሙናዋ ሴት ከሰልፉ ወጥታ ሄደች።

በጀልባው ላይ አክስቴ አላናገረችኝም። ዓሣውን ግን የተሸፈነበትን ሸራ እየዳበሰች "አይዞህ" ስትለው ሰምቻለሁ።

ጋምቤላ ስንደርስ ዝናቡ ይወርዳል። ከእኛ ቀድመው የደረሱት ጀልባዎች ጭነታቸው ተዘርግፏል፤ ባለቤቶቹ የረጠበ እህል በእጃቸው ያፍሳሉ። የኬላው ሹም ጃንጥላ ይዞ መጣ። አክስቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች፤ እሱ የሚያውቃት በፊቷ እንጂ በድምፅዋ ያልሆነ ይመስል።

"እትዬ፣ ጨርቁን አውጥተው ቀረጥ ይክፈሉበት። ዓሣው ይለፍ።"

"አይፈታም?"

"ምኑን ልፍታው? ይህ ሬዲዮ ከገባ ወዲህ ምንም ያልጎደለው ዝርዝር የሰማሁት ገና የእርስዎን ነው። ለመሆኑ መናገሪያውን የያዘው ማን ነበር?"

አክስቴ በጣቷ ጠቆመችኝ። አንድ ነገር እንድል ጠበቀ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

"እሷ መሆኗ ታወቀ" አለና ወደሚቀጥለው ጀልባ ሄደ።

ዓሣው አንድም ጠብታ ሳይነካው ወደ ደጋ የሚሄደው መኪና ላይ ወጣ። አክስቴ ከጎኑ ቆማ እኔን እንዴት አድርጋ እንዳሠለጠነችኝ ለተሸካሚዎቹ ታወራለች።

"ከእንግዲህ ሬዲዮው የእሷ ነው" አለች።

"እኔ እኮ ምንም አልተናገርኩም" አልኳት።

"እሱን ነው የምልሽ" አለችና የሸራውን ገመድ ጠበቅ አድርጋ አሰረች።